«ትምህርት አይገባውም» ብዬ የጻፍኩበት ልጅ ወፍጮዬን ሊጠግን መጣ

ጡረተኛው መምህር

ሰላም ለዚህ ቤት። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው።

31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያለሁት ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ጡረታ ስወጣ ከወንድሜ ጋር አንዲት ወፍጮ ቤት ከፈትን። ባለፈው ሳምንት ወፍጮዋ ዱቄት ማቃጠል ጀመረች። የሚወጣው ዱቄት እጅ አያስነካም። ደንበኛው «ጤፌን ቆላችሁት እኮ» እያለ አኮረፈ። ሞተሩን ከቀየርን ገና ወር አልሞላውም። «አንድ ጎበዝ ልጅ አለ» ተባልንና አስጠራን።

የመጣውን ሰው ከበር ሲገባ ነው ያወቅኩት። ስሙን አልጽፍም። በ1994 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። በዚያ ዓመት ሰኔ 30 ካርዱ ላይ፣ አስተያየት በምትለዋ መስመር፣ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጽፌበታለሁ፦ «ትምህርት አይገባውም። ወላጅ ሌላ ሥራ ቢያስቡለት ይሻላል።» ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አባቱ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔው ነበርኩ። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል።

እሱ ግን «ቲቸር!» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ወዲያው ወደ ሥራው ገባ። ኩሽኔታውን ነካካ፣ ቺንጋውን ጫን ጫን አደረገ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አነበበ። በደቂቃ 1440 ዙር። ከዚያ ሜትር አውጥቶ ቺንጋው የሚዞርባቸውን ፑሊዎች ለካ። ኪሱ ውስጥ ጠመኔ አለው። በቆርቆሮው በር ላይ መጻፍ ጀመረ። የሞተሩ ፑሊ 15 ሳንቲ ሜትር፣ የድንጋዩ 24። 1440 ሲባዛ በ15፣ ሲካፈል ለ24። 900።

«ቲቸር፣ ድንጋዩ በደቂቃ 900 ጊዜ እየዞረ ነው፤ ለዚህ ወፍጮ 600 ይበቃዋል። አዲሱ ሞተር ፑሊው ትልቅ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ላድርግላችሁ» አለኝ። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ፣ «ንጥጥር እኮ ነው። እርስዎ ያስተማሩን። ያኔ አልገባኝም ነበር።»

ካርዱን ያስታውስ አያስታውስ አልጠየቅኩትም። ሒሳቡን ከፍዬ ሸኘሁት። ማታ ግን ስንት ካርድ ላይ እንደዚያ ብዬ እንደጻፍኩ ስቆጥር አደርኩ። መቁጠር አልቻልኩም።

መምህራን ካላችሁ፣ እናንተስ?

የቀበና ልጅ

ቲቸር ይቅርታ ግን ሳቄን ለቀቅኩት 😂 «ሌላ ሥራ ቢያስቡለት» ብለው አልጻፉም? አሰቡለት፣ ተሳካለት። ትክክል ነበሩ እኮ!

ጡረተኛው መምህር ↩ ለየቀበና ልጅ

ቀልድህ እውነት አለው። እኔም ለራሴ እሱን ስል ነው ያደርኩት። ግን እኔ «አይገባውም» ያልኩት ሒሳቡን ነው። ልጁ ደግሞ እንጀራውን የሚበላው በሒሳብ ነው።

ሌላም አለ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ አላወጣሁትም። እጁን ቢያወጣም አልፈው ነበር። በጓደኞቹ ፊት እንዳይሸማቀቅ ያዘንኩለት መስሎኝ። አሁን ሳስበው፣ ይግባው አይግባው ለማየት የነበረኝን መንገድ በገዛ እጄ ዘግቼ ነው ሰኔ ላይ የፈረድኩት።

ሬሜዲያል ነኝ

ይሄን ሳነብ አለቀስኩ፣ ምናልባት ሌሊት ስለሆነ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወደቁት ነኝ። ያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን የተፈተንነው የመጀመሪያው ዓመት። ወደ 900 ሺህ ገደማ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ እንኳ አልሞላም፣ 3.3 በመቶ። ውጤት የወጣ ቀን አጎቴ ደውሎ ለእናቴ «በቃ፣ ዐረብ አገር ላኪያት» አላት። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።

በሬሜዲያል፣ ላላለፉት በተከፈተው የማካካሻ ትምህርት፣ ገባሁ። አራት ወር። ያንን አራት ወር የተማርኩትን ያህል በአራት ዓመት ሃይስኩል አልተማርኩም፤ ሰባት ወር ሙሉ የፊዚክስ መምህር ያልነበረበት ዓመት ነበረንና። አሁን ሲቪል ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ዶርም ውስጥ ግን እስካሁን «ሬሜዲያሏ» ነው የሚሉኝ። ስቄ አልፈዋለሁ። ዩዘርኔሜም ያደረግኩት ለዛ ነው።

የቅኔ ቤት ሰው

ማንም ሳይቀድመኝ እኔው ላንሳው፦ ቅዱስ ያሬድ። ትሉ፣ ዛፉ፣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው መውጣቱ። ሁላችንም ስንፍናችንን ለመገሠጽ ሲነገረን ነው ያደግነው።

እኔን ከታሪኩ የሚገርመኝ ግን መምህሩ ጌዴዎን ነው። አጎቱም ነው። ትምህርት አልገባህ አለ ብሎ የገረፈው፣ ልጁ መሮት የሸሸው ከእሱ ነው። ያሬድ ተመልሶ ሲመጣ ግን «አንተንማ አውቅሃለሁ» ብሎ በሩን አልዘጋበትም። ተቀበለው። ትሉን ሁሉም ያስታውሳል፣ በሩን ማንም አያነሳም።

ቅኔ ቤት የገባሁት በ16 ዓመቴ ነው። ጉባኤ ቃና ላይ ስምንት ወር ተቀመጥኩ። ለማታውቁት፣ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ የመጀመሪያዋ ደረጃ። አብረውኝ የገቡት ስድስት ቤት ሥላሴ ሲቆጥሩ እኔ ሁለት ቤት አልሞላልኝ አለ። ቀን ቀን ሜዳ እወጣለሁ፣ ማታ ለየኔታ እነግራለሁ፣ የኔታ ያፈርሱታል። «ነገ ደግሞ ቁጠር» ነው የሚሉት። ካርድ የለም። ደረጃ የለም። 40ኛ ወጣህ የሚልህ የለም። ስንት ዓመትህ ነው፣ ስንት ጊዜ ደገምክ የሚልም የለም።

በስምንተኛው ወር አንድ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሰሙና ወርቁ አንድ ላይ መጣልኝ። እንስራዬን አስቀምጬ ሮጥኩ። የኔታ ሰምተው ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ነው ትልቁ ነገር፤ ማፍረሻ አጡ ማለት ነው።

ቁጥር ይናገራል ↩ ለየቅኔ ቤት ሰው

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በቁራሽ ልመና ተመርሮ፣ በዱላ ተማርሮ ከአብነት ትምህርት ቤት የጠፋውን ስንቱን ታውቃለህ? እሱ እዚህ መጥቶ አይጽፍም።

በጥቅሉ ይሄ ክር ላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። የምታወሩት ስለተመለሱት ብቻ ነው። ወፍጮ ጠጋኙ ተመለሰ። ሬሜዲያሏ ተመለሰች። ከ10ኛ ክፍል አብረውኝ ከወደቁት ውስጥ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ጅዳ ናት፣ አንዱ የት እንዳለ እናቱም አታውቅም። «ቆይቶ ያብባል» ለእነሱ ምን ይረባቸዋል? ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ውስን ነው። በ2017 ፈተናም ያለፈው 8.4 በመቶ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሰው መምረጥ ግድ ነው። በምን እንምረጥ? በእጣ?

ጡረተኛው መምህር ↩ ለቁጥር ይናገራል

ልክ ነህ። ያልተመለሱትን አላውቃቸውም። ለዚያ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። 31 ዓመት ሙሉ ስለ ፍርዴ የሰማሁት ደግ ደጉን ብቻ ነው። «ጎበዝ ይሆናል» ያልኩት ልጅ ዶክተር ሆኖ ይመጣና ይስመኛል። «አይረባም» ያልኩት ሳይረባ ሲቀር «አላልኩም?» እላለሁ። ሳይረባ የቀረው ስላልኩ ይሁን ስላልሆነለት የሚነግረኝ የለም። ወፍጮዋ ባትቃጠል ይሄኛውንም አልሰማም ነበር።

ምርጫ ግድ ነው ላልከው እስማማለሁ። 12ኛ ክፍል ያለው ፈተና አንድ ነገር ነው። የ14 ዓመት ልጅ ፊት ለአባቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ግን የማንም ወንበር አላጠበበም ነበር። ማንም ምረጥ አላለኝም።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ

እኔ ልጅ መምረጥ ሥራዬ ነው። እግር ኳስ፣ ከ15 ዓመት በታች ፕሮጀክት። ስለዚህ ኃጢአቴን ልናዘዝ።

የ14 ዓመት ልጆች አሰልፋችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ፂም አቀምቅሟል፣ ድምፁ ጎርንኗል። ሌላው የስድስት ዓመት ወንድሜን ይመስላል። በወረቀት እኩያ ናቸው። በአጥንት ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይራራቃሉ። ጨዋታ ስታደርጉ ፂሙ ገፍቶ ያልፋል፣ ያገባል። እኛም «ታለንት» እንላለን። ማሊያው፣ ቋሚ ቦታው፣ ጥሩው ሜዳ፣ የአሰልጣኙ ዓይን ሁሉ የእሱ ነው። በ18 ዓመት ሌሎቹ ይደርሱበታል። በጉልበት ብቻ ስለተጫወተ ኳስ መቆጣጠር አልተማረም። ትንሹ ልጅ ደግሞ ድሮ ሄዷል።

ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ከጃንዋሪ 1 በሚቆጠርባቸው አገሮች በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት እንደሚበዙ ካናዳ ሆኪ ላይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው በደንብ የታየው፤ ከዚያ በኋላ እግር ኳስ ላይም ተደጋግሞ ታይቷል። አሥር ወር የሚበልጥ ልጅ ነው «ተሰጥኦ» እየተባለ ያለው። እኛ ጋ ደግሞ ዕድሜው ራሱ በግምት ነው። ፊፋ ለ17 ዓመት በታች ዋንጫ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ የሚያስነሳው ወዶ አይደለም።

አትሌቲክስ ላይ ለምትመኩ ደግሞ ማሞ ወልዴን ላስታውሳችሁ። በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልበርን፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ኦሊምፒክ ስትሄድ ማሞ ነበር። የ24 ዓመት ልጅ። ምን ሮጠ? 800፣ 1500 እና ዱላ ቅብብል። ከማጣሪያ አላለፈም። ሮም ላይ የለም። ቶኪዮ 10 ሺህ ሜትር ሮጦ አራተኛ። ሜክሲኮ፣ 1968፣ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ። ከቀናት በኋላ አበበ በጉዳት ሲያቋርጥ ማራቶኑን አሸነፈ። 36 ዓመቱ ነው። በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ። ሜልበርን ላይ የማሞን ነገር በ800 ሜትር የጨረሰ ሰው ካለ፣ ልጁን አይደለም የለካው፤ ርቀቱን ነው የተሳሳተው።

የቀበና ልጅ ↩ ለየታዳጊዎች አሰልጣኝ

አሰልጣኝ እኔንም በ13 ዓመቴ «ቀጫጫ ነህ» ብለው አባረውኛል። አሁን 34 ነኝ፣ ሆድ አውጥቻለሁ። ማሞን ተስፋ አድርጌ እሮጣለሁ 😂

የልደታ እናት

«የሚያድግ ልጅ አይጥላህ» ይባል የለ? እኛ ለልጁ ከማዘን የመጣ ይመስለናል። ፍርሃት ነው እኮ። ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅምና ተጠንቀቅ ነው የሚለው። የድሮ ሰው ቢያንስ እንደማያውቅ ያውቅ ነበር።

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጁ ዓይኑ ደህና ነበር? የኔ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰነፍ» ስትባል ቆይታ መነጽር ብቻ ነው የሚያስፈልጋት ተባልን። ምናልባት ሰሌዳው አይታየውም ነበር ይሆናል። ወይ ሳይበላ ነበር የሚመጣው።

ሙኒክ ያለሁት

ጋሼ፣ እዚህ ደግሞ ይሄ ነገር በሕግ ነው የሚሠራው።

ባየርን፣ ሙኒክ ያለችበት የጀርመን ክፍለ አገር፣ ውስጥ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ፣ አሥር ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ በግንቦት መጀመሪያ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ጀርመንኛ፣ ሒሳብና ስለ አካባቢው የሚማሩት ትምህርት ይደመርና ለሦስት ይካፈላል። እዚህ 1 ነው ምርጡ፣ 6 መጨረሻ። 2.33 ወይም ከዚያ የተሻለ ካመጣህ ጊምናዚዩም ትገባለህ፣ ቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው። 2.66 ድረስ ሪያልሹለ። ከዚያ ከወረድክ ሚተልሹለ። (ሁሉም ክፍለ አገር እንደዚህ አይደለም፤ በርሊን ከስድስተኛ በኋላ ነው።)

ልጄ የመጣው በሰባት ዓመቱ ነው። ቋንቋውን ሁለተኛ ክፍል ላይ ጀመረ። አራተኛ ላይ ሒሳብ 2፣ አካባቢ 3፣ ጀርመንኛ 4። ሦስት ነጥብ ዜሮ። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት፣ እጄን ይዛ «ለእሱ የሚሻለው ይሄ ነው» አለችኝ። ልጁ ቋንቋውን ከጀመረ ሦስት ዓመት አልሞላውም! ሌሎቹ እናታቸው ሆድ ውስጥ ሆነው ነው የጀመሩት።

ከእሷ የባሰው ግን የእኛው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ገባ?» ነው። ሚተልሹለ ስል ፊታቸው ይለዋወጣል። አንዷ «አይዞሽ፣ ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም» አለችኝ። እንደ ለቅሶ። ሦስት ወር ሻይ ሳልጠጣ ሹልክ እያልኩ ወጣሁ።

አሁን 20 ዓመቱ ነው። ሰባተኛ ላይ ጠንከር ወዳለው ክፍል ተዛወረ፣ አሥረኛን ጨረሰ፣ ፋኽኦበርሹለ የሚባለውን ሁለት ዓመት ተማረ፣ አሁን ሜካትሮኒክስ ላይ ነው። ስለዚህ በሩ ጨርሶ አይዘጋም። ግን ዞሮ መግባት ነው፤ ዞሮ የሚገባበትን መንገድ የሚያውቅ ወላጅ ይፈልጋል። እኔ ያወቅኩት አንዲት የቱርክ ጎረቤቴ ስለነገረችኝ ነው። ባትነግረኝስ?

ቁጥር ይናገራል ↩ ለሙኒክ ያለሁት

ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። «ባትነግረኝስ» ያልሽው። እኔ የምለውም እሱን ነው። ልጁ ስላደገ ብቻ አይደለም የተመለሰው፣ የሚመለስበት መንገድ ስለነበረ ነው። ሬሜዲያልም መንገድ ነው። የባጃጁ ጓደኛዬ መንገድ አልነበረውም።

አራት ዓመት ያስተማረች

ጋሼ፣ እኔ አሁን በሥራ ላይ ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ 74 ልጅ አለኝ፣ አራት ክፍል አስተምራለሁ። ሰኔ ላይ ወደ 300 ካርድ እሞላለሁ። አስተያየት የምትለዋ ላይ ስደርስ እጄ ይደነዝዛል። «በርቺ»፣ «ይበርታ»፣ «ጥረት ይጎድለዋል»። እውነቱን ልንገርዎ፣ ግማሾቹን ፊታቸውን እንኳ አላስታውስም። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው መምህር ↩ ለአራት ዓመት ያስተማረች

ልጄ፣ 300 ካርድ የሞላ ሰው እጁ ባይደነዝዝ ነው የሚገርመው። እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ አንቺ ራስሽ ታያለሽ። ግን ፊቱን የማታስታውሺውን ልጅ ባዶ ብትተዪለት ምንም አይሆንም። ከጻፍሽ ደግሞ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ሥራው ጻፊ። «ክፍልፋይ ሲደምር ታችኛውን ቁጥርም ይደምራል» ብትዪ፣ ክረምት ላይ ወንድሙ ሊያስረዳው ይችላል። «አይገባውም» ያልኩትን ግን ማን ያስረዳዋል?

አንዲት ባልደረባ ነበረችኝ። የተማሪዎቿን ስም በወረቀት ቆራርጣ በቲማቲም ጣሳ ትከት ነበር። ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን ከጣሳው ታወጣለች። ጎበዝ የለ፣ ሰነፍ የለ። ስታፍ ክፍል ውስጥ «ሎተሪ አዟሪዋ» እያልን እንስቅባት ነበር። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

የልደታ እናት

ጋሼ፣ የዓይኑን ነገር አልመለሱልኝም።

ጡረተኛው መምህር

ይቅርታ እመቤቴ፣ ዝም ያልኩት ሄጄ ልጠይቀው ስለፈለግኩ ነው። ዛሬ ከሰዓት ጋራዡ ሄድኩ።

ብየዳ ላይ ነበር፣ ጠበቅኩት። ቡና አስመጣ። ጠየቅኩት። ዓይንህ ደህና ነበር? «ደህና ነበር።» ርቦህ ነበር የምትመጣው? «አንዳንዴ። ግን እሱ አይደለም ቲቸር።» ታዲያ ምን ነበር? ትንሽ አሰበ። «ምንም። ዝም ብሎ አልገባኝም ነበር። ቁጥሮቹ ሲጻፉ አያቸዋለሁ፣ ምን እንደሚሠሩ አይታየኝም። ከ10ኛ ክፍል በኋላ ብረታ ብረት 10+2 ስማር፣ ወደ 19 ዓመቴ ይሆናል፣ አንድ ቀን ሁለት ፑሊ በእጄ ይዤ ሳዞራቸው ትንሹ ብዙ ሲዞር አየሁ። በቃ። የዚያን ቀን ማታ የሰባተኛ ክፍል ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ።»

ምክንያት ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ዓይን፣ ረሃብ፣ የሆነ ነገር። ምክንያት ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ እንደምንም ብዬ ካርዱን አነሳሁበት። ያስታውሳል። «አባቴ በማግስቱ ቀጥቃጭ ጋ ወሰደኝ። ክረምቱን ሙሉ ወናፍ ስነፋ ከረምኩ። መስከረም ላይ እናቴ ናት ‹ልጄ ይማራል› ብላ የመለሰችኝ። ተጣልተውበታል።» ይቅርታ በለኝ አልኩት። «ኧረ ቲቸር፣ ብረት የወደድኩት እዚያ ነው» ብሎ ሳቀ። የቀበናው ልጅ እንደ ቀለደው ማለት ነው። እኔ ግን ስለ እናቲቱ ነው ያሰብኩት። ባይመልሱትስ ኖሮ? ማንበብ የማይችሉ ሴት ናቸው፤ የኔን ጽሑፍ አልሰማም ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ልሄድ ስነሳ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለኝ። ከመሳቢያው ካርድ አወጣ። የሴት ልጁ ነው። አራተኛ ክፍል። ከ62 ተማሪ 51ኛ። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው አስተያየት የምትለዋ መስመር ላይ ነው። ባዶ ናት።

«ሒሳብ ጨርሶ አይገባትም» አለኝ። «ሰኔ 30 ተናድጄ ጮህኩባት። ይቺ ልጅ ትምህርት የሚሆናት አይመስለኝም።»

እሱ ነው ያለው። እሱ!

ከሰኞ ጀምሮ 11 ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤቱ ትመጣለች። ሰሌዳ የለኝም፣ የቆርቆሮው በር ይበቃናል። የአባቷ 900 እስካሁን አልጠፋም። ሁለት ፑሊ እንዲያውሰኝ ነግሬዋለሁ።